የመስፍን ልጅ የነበረው ኤጲስ ቆጶስ ሄንሪ ኮምፕተን

ከታላቅ ቤት መወለድ ለሰው ልብ ጽኑ ፈተና ነው። ድኻ ሰው በንጉሥ ፊት ዝም ቢል ፈራ ይሉታል፥ ይራሩለታልም፤ ባላባት ዝም ሲል ግን ርስቱንና ማዕርጉን ለማትረፍ እንደ ሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ ታሪኩን የምንጽፍለት ሰው በዚህ ፈተና ውስጥ ሁለት ጊዜ አልፎአል። በመጀመሪያው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ በሁለተኛው ግን አንደበቱ ተጣመመ። ስለ ቤተ ክርስቲያን ሹማምንት የሚጽፉ ሰዎች መልካሙን ብቻ መርጠው የመጻፍ ልማድ አላቸው፤ ይህ ግን ሟቹንም አያከብረውም፥ አንባቢውንም አይጠቅመውም። ስለዚህ ሁለቱንም እንናገራለን። ዓመታቱና ወራቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ሄንሪ ኮምፕተን በ1632 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዎሪክሻየር አውራጃ፥ ኮምፕተን ዊንየትስ በሚባለው በአባቱ ግቢ ተወለደ። አባቱ ስፔንሰር ኮምፕተን ሁለተኛው የኖርዛምፕተን ኤርል ነበረ፤ ኤርል ማለት በእንግሊዝ መኳንንት ዘንድ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ከፍ ያለ ማዕርግ ነው። ሄንሪ ግን ከወንዶቹ ልጆች ሁሉ ታናሽ ነበረ። በዚያ ዘመን በአገሩ ሕግ ርስትም ማዕርግም ለበኵሩ ይሆን ስለ ነበረ፥ ለታናሽየው የሚቀረው የአባቱ ስምና ወዳጅ ብዛት ነበረ።

ገና ልጅ ሳለ በንጉሡ በቀዳማዊ ቻርልስና በፓርላማው መካከል ጦርነት ተነሣ። ኤርሉ ከንጉሡ ወገን ሆኖ ልጆቹን አስከትሎ ዘመተ። በመጋቢት 1643 በሆፕተን ሂዝ በተደረገው ውጊያ ከፈረሱ ላይ ወድቆ ጠላቶቹ ከበቡት፤ እጁን ቢሰጥ ምሕረት እንደሚያደርጉለት ቢነግሩትም እንቢ ብሎ እዚያው ተገደለ። ጠላቶቹም ሬሳውን ለመመለስ በዚያ ቀን የተማረከባቸውን መድፍ ጠየቁ። በኵር ልጁ በዚህ ዋጋ ለመቤዠት ስላልተስማማ፥ ኤርሉ ከርስቱ ርቆ በደርቢ ከተማ ተቀበረ። ያን ጊዜ ሄንሪ የአሥር ወይም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረ። አባቱ ለንጉሥ በገባው ቃል የሞተበት ልጅ፥ በሸመገለ ጊዜ የዚያኑ ንጉሥ ልጅ ከዙፋኑ ካስወረዱት ሰዎች አንዱ ሆነ፤ እንዴት እዚያ እንደ ደረሰ ለማወቅ ነው የቀረውን ማንበብ የሚገባን።

ጥቂት ዘመን በኦክስፎርድ በኵዊንስ ኮሌጅ ተማረ፥ ከዚያም በባሕር ማዶ አገሮች ተዘዋወረ። በ1660 ዳግማዊ ቻርልስ ወደ አባቱ ዙፋን በተመለሰ ጊዜ፥ ሄንሪ በንጉሡ የፈረሰኛ ጦር ውስጥ የታናሽ መኰንንነት ማዕርግ ተቀበለ። ነገር ግን ወታደርነቱ አልረጋለትም፤ ብዙም ሳይቆይ ሰይፉን አስቀምጦ ወደ ትምህርቱ ተመለሰና ካህን ሆነ። በ1669 በኦክስፎርድ የክራይስት ቸርች ካቴድራል አገልጋይ ሆኖ ተሾመ፥ በ1674 የኦክስፎርድ ኤጲስ ቆጶስ ሆነ፥ በሚከተለው ዓመት መጨረሻም ወደ ሎንዶን መንበር ተዛወረ። የንጉሡ አማካሪዎች በሚቀመጡበት ሸንጎም ተቀመጠ።

እንዲህ ፈጥኖ የወጣው በሊቅነቱ ነው ብንል ሐሰት ይሆንብናል። ከእርሱ የሚበልጡ ሊቃውንት በዚያ ዘመን ብዙ ነበሩ፤ በስብከትም ቢሆን ያወቁት ሰዎች አላመሰገኑትም። የአባቱ ደምና የቤቱ ስም ደረጃውን አሳጠሩለት። ይሁን እንጂ ሹመቱን ከተቀበለ በኋላ እንደ ብዙዎቹ የመኳንንት ልጆች ገቢውን ብቻ እየበላ አልተቀመጠም። የሎንዶንን ካህናት እየሰበሰበ ስለ ጥምቀት፥ ስለ ቍርባን፥ ስለ ሕሙማን ጥየቃና ስለ ሕፃናት ትምህርት ከእነርሱ ጋር ይመክር ነበረ፤ የምክሩንም ፍሬ በደብዳቤ ጽፎ ለየደብሩ ይልክ ነበረ። የሚመጣለትን ሰው የመስማት ትዕግሥትም ነበረው።

ንጉሡ የወንድሙን የዮርክ መስፍን የጄምስን ሁለት ሴቶች ልጆች፥ ሜሪንና አንን፥ በሃይማኖት እንዲያስተምር ለኮምፕተን ሰጠው። አባታቸው ወደ ሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ነበርና፥ ልዕልቶቹ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሃይማኖት እንዲያድጉ የአገሩ ሰው ሁሉ ይመኝ ነበረ። ኮምፕተንም አስተማራቸው፤ በኅዳር 1677 ሜሪን ለኦራንጁ ልዑል ለዊልያም፥ በ1683 ደግሞ አንን ለዴንማርኩ ልዑል ለጆርጅ ያጋባቸው እርሱ ነበረ። ሁለቱም በኋላ ንግሥታት ሆኑ፥ መምህራቸውንም ሁልጊዜ ያከብሩት ነበረ፤ ዳሩ ግን ማክበርና መሾም አንድ አለመሆናቸውን ከታች እናያለን።

በዚያ ዘመን የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ አሥራ አራተኛ በአገሩ የሚኖሩትን ፕሮቴስታንቶች ያስጨንቃቸው ጀመረ። ወታደሮችን በየቤታቸው ያሰፍርባቸው ነበረ፤ በ1685ም አያቱ የሰጣቸውን የነጻነት ሕግ ጨርሶ ሻረው። በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ስደተኞች ባሕሩን ተሻግረው ወደ እንግሊዝ መጡ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ሸማኔዎችና ሌሎች የእጅ ሥራ ዐዋቂዎች ነበሩ፤ ነገር ግን መሣሪያቸውንና ገንዘባቸውን ጥለው ስለ ሸሹ በሎንዶን ጎዳና ላይ ባዶ እጃቸውን ቆሙ። ኮምፕተን ስለ እነርሱ ምጽዋት በየደብሩ እንዲሰበሰብ ደከመ፥ ከራሱም ገንዘብ ሰጠ፥ ለቀሳውስቶቻቸውም ቦታ ፈለገላቸው። የዘመኑ ሰዎች ስደተኛ የእኛን እንጀራ ይቀማናል እያሉ ያጕረመርሙ ነበርና ይህ ሥራ በሕዝቡ ዘንድ የሚያስመሰግን ብቻ አልነበረም።

በየካቲት 1685 ዳግማዊ ቻርልስ ሞተና ወንድሙ ጄምስ ነገሠ። አዲሱ ንጉሥ የሃይማኖቱን ሰዎች በጦሩና በመንግሥቱ ሥራ ላይ ይሾም ጀመረ፤ በ1673 የወጣው ሕግ ግን በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት የማይቈርብ ሰው የመንግሥት ሹመት እንዳይቀበል ይከለክል ነበረ። ዛሬ እንዲህ ያለው ሕግ ግፍ እንደ ነበረ እንመሰክራለን፤ ሰውን ስለ ሃይማኖቱ ከሥራ መከልከል አይገባምና። ኮምፕተን ራሱ በካቶሊኮች ላይ ጨካኝ ነበረ፥ በዚህም ከዘመኑ ሰዎች አልተሻለም። ነገር ግን የተነሣው ጥያቄ ሕጉ መልካም ነው ወይስ ክፉ የሚል ብቻ አልነበረም፤ ንጉሥ ሕግ አውጭዎችን ሳያማክር በራሱ ቃል ብቻ ሕግን መሻር ይችላልን የሚል ነበረ።

በኅዳር 1685 ነገሩ በመኳንንት ምክር ቤት በቀረበ ጊዜ ኮምፕተን ተነሥቶ ንጉሡን ተቃወመ፥ የኤጲስ ቆጶሳቱ ሁሉ አሳብ ይኸው መሆኑንም ተናገረ። ንጉሡም ከአማካሪዎቹ ሸንጎ አስወጣው፥ በቤተ መንግሥቱም ጸሎት ቤት ላይ የነበረውን አለቅነት ወሰደበት። ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ በኋላ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ዘመኑ እስኪያልፍ ይጠብቅ ነበር።

በሚከተለው ዓመት ግን ከዚህ የከበደ ፈተና መጣ። በሎንዶን የቅዱስ ጊልስ ደብር አለቃ የነበረው ቄስ ጆን ሻርፕ ከሰበከው ስብከት የተነሣ ንጉሡ ተቈጣ፤ የሮማን ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚነቅፍ ስብከት ነበርና። በሰኔ 1686 ንጉሡ ለኮምፕተን ደብዳቤ ጽፎ ሻርፕን ወዲያው ከስብከት እንዲያግደው አዘዘው። ኮምፕተን በአክብሮት መለሰ። ሰውን ከሥራው ማገድ የዳኛ ሥራ እንደ ሆነ፥ ዳኛም ተከሳሹን ሳይጠራና ሳይሰማ መፍረድ እንደማይችል፥ በሌላው ነገር ሁሉ ግን ንጉሡን እንደሚታዘዝ አስታወቀ። ሻርፕንም ጠርቶ ነገሩ እስኪበርድ ድረስ ከመስበክ እንዲታገሥ መከረው፤ ሻርፕም እሺ አለ። እንግዲህ ንጉሡ የፈለገው ነገር በሥራ ተፈጽሞ ነበር። ያልተፈጸመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያልተሰማ ሰው አልተፈረደበትም።

ይህን ነገር ደግመን እናስብ። ሻርፕ የመስፍን ልጅ አልነበረም፤ ኤጲስ ቆጶሱ እርሱን አሳልፎ ቢሰጥ ኖሮ ማንም አይወቅሰውም ነበር፥ የንጉሥ ትእዛዝ ነው ብሎ ማመካኘትም ይችል ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ ትንሽም ትልቅም ሥልጣን የያዘ ሰው ይህ ፈተና ይደርስበታል። ከበላይ ትእዛዝ ይመጣል፤ ከበታች አንድ ምስኪን ሰው አለ፤ በመካከል ያለው ሰው ወረቀቱን ፈርሞ ማስተላለፍ ብቻ ይበቃዋል። ኮምፕተን አልፈረመም።

ንጉሡ ስለ ቤተ ክህነት ጉዳይ የሚፈርድ አዲስ ሸንጎ አቋቁሞ ነበረ፤ ሰብሳቢው በጨካኝ ፍርዱ አገር ሁሉ የሚፈራው ጆርጅ ጀፍሪስ ነበረ። ከዳኞቹም አንዱ የደርሃም ኤጲስ ቆጶስ ናትናኤል ክሩ ነበረ። ክሩም እንደ ኮምፕተን የመኳንንት ልጅ ነው፤ ከኮምፕተን በፊትም የኦክስፎርድን መንበር የያዘው እርሱ ነበረ። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሳንክሮፍት በዚህ ሸንጎ ውስጥ እንዲቀመጥ ቢሾምም አመካኝቶ ቀረ፤ ክሩ ግን ሹመቱን በደስታ ተቀበለ። በአንድ ዐይነት ቤት የተወለዱ፥ በአንድ መንበር ላይ በተራ የተቀመጡ ሁለት ኤጲስ ቆጶሳት እነሆ አንዱ ፈራጅ ሌላው ተከሳሽ ሆነው ተያዩ።

ኮምፕተን ቀርቦ ሸንጎው የተቋቋመበትን ጽሑፍ ግልባጭ እንዲሰጡት ለመነ። ጀፍሪስ በየቡና ቤቱ የሚገኝ ወረቀት ነው ብሎ ዘለፈው፤ በኋላ ግን ነገሩ ለኤጲስ ቆጶስ የማይገባ ስድብ መስሎ ስለ ተሰማ ይቅርታ ጠየቀው። ቀን እየተሰጠው ደጋግሞ ቀረበ፤ ጠበቆቹም ደንበኛቸው ሕጉ የሚፈቅደውን ሁሉ እንዳደረገ አስረዱ። ከዳኞቹም መካከል ጥፋት አላገኘንበትም ያሉ እንደ ነበሩ ይነገራል። ንጉሡ ግን ፍርዱን አስቀድሞ ቈርጦ ነበርና፥ በመስከረም 6 ቀን 1686 ኮምፕተን ከኤጲስ ቆጶስነቱ ሥራ ታገደ። ሀገረ ስብከቱን እንዲጠብቁ ሌሎች ኤጲስ ቆጶሳት ተሾሙ፤ አንዱ ያው ክሩ ነው። ገቢውን ግን አልነኩበትም፤ ርስት ነክ ነገር ወደ መደበኛው ዳኝነት ይሄድ ነበርና በዚያ እንዳይረቱ ፈሩ።

ታግዶ በተቀመጠበት ሁለት ዓመት በቴምዝ ወንዝ ዳር በፉላም ባለው የኤጲስ ቆጶሱ ግቢ አትክልት ይተክል ነበረ። ይህ ልማድ ከቀድሞም ጀምሮ ነበረው። ወደ አሜሪካ ቅኝ አገሮች የሚሄዱ ካህናት በሎንዶን ኤጲስ ቆጶስ ሥር ስለ ነበሩ፥ ከእነርሱ አንዱ ጆን ባኒስተር የሚባል ቄስ ከቨርጂንያ ዘርና ሥዕል ይልክለት ነበረ። ማግኖልያ የሚባለው ነጭና መዓዛው የጣፈጠ አበባ ያለው ዛፍ በእንግሊዝ አገር መጀመሪያ የበቀለው በዚህ ግቢ ነው። ብርድ የማይችሉትን ተክሎች በሚሞቅ ቤት ውስጥ ያኖራቸው ነበረ፤ ዝነኛው የዕፀዋት ሊቅ ጆን ሬይም ግቢውን ጐብኝቶ በዚያ ያያቸውን እንግዳ ተክሎች በመጽሐፉ መዘገበ። ባኒስተር ራሱ በ1692 በዱር ዕፀዋት ሲፈልግ በስሕተት በተተኰሰ ጠመንጃ ሞተ። ሥልጣኑን የተቀማ ሰው ብዙ ጊዜ ምሬቱን እያኘከ ይቀመጣል፤ ኮምፕተን መሬት ቈፈረ። ይሁንና በፉላም አበባ ብቻ አልተከለም፤ የንጉሡ ጠላቶችም ወደዚያ ይመላለሱ ነበር።

በ1688 ንጉሡ የሃይማኖት ነጻነት ዐዋጁን በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዘ። ሳንክሮፍትና ስድስት ኤጲስ ቆጶሳት ይህን እንዳያደርጉ እንዲተዋቸው በጽሑፍ ለመኑት፤ ንጉሡም ሰባቱን አሳስሮ ለፍርድ አቀረባቸው። ኮምፕተን በምክሩ ነበረበት፥ ታግዶ ስለ ነበረ ግን አልፈረመም። ሰኔ 30 ቀን በፍርድ ነጻ ተለቀቁ፥ የሎንዶንም ሕዝብ በደስታ ጮኸ። በዚያው ዕለት ሰባት ሰዎች የኦራንጁ ዊልያም ከሠራዊቱ ጋር ወደ እንግሊዝ እንዲመጣ የሚጠራ ደብዳቤ በምስጢር ላኩ። ከሰባቱ ስድስቱ መኳንንትና ጦረኞች ነበሩ፤ ሰባተኛውና ብቸኛው የቤተ ክርስቲያን ሰው ሄንሪ ኮምፕተን ነበረ።

ንጉሡ ፈርቶ በመስከረም መጨረሻ የኮምፕተንን እገዳ አነሣ፤ ነገር ግን ዘገየ። ዊልያም ከመነሣቱ በፊት ባሳተመው ዐዋጅ ላይ መኳንንትና ኤጲስ ቆጶሳት ጠርተውኛል ብሎ ጽፎ ነበረ። ጄምስም በኅዳር መጀመሪያ በሎንዶን የነበሩትን ኤጲስ ቆጶሳት አስጠርቶ ይህ እውነት እንደ ሆነ ጠየቃቸው። ኮምፕተን ተራው በደረሰ ጊዜ፥ የቀሩት ኤጲስ ቆጶሳት ልክ እንደ እርሱ ሳያመነቱ እንደሚክዱ እርግጠኛ መሆኑን ተናገረ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን መልስ መርምረው። በቃል ሐሰት የለበትም፤ የቀሩት ንጹሓን ስለ ነበሩ በእውነት ይክዳሉ። ስለ ራሱ ግን ምንም አልተናገረም። ንጉሡ የሰማው ሌላ ነው፤ ኮምፕተን አልጠራሁም እንዳለ አድርጎ ሰማ፥ ኮምፕተንም እንዲህ እንዲሰማ ፈልጎ ነው የተናገረው። ብልሃቱን ያደነቁለት ሰዎች ነበሩ። እኛ ግን ልናደንቀው አንችልም። ቃሉ እውነት ሆኖ የሰሚው ጆሮ ሐሰትን እንዲቀበል አድርጎ የተሠራ ንግግር ሐሰት ነው፤ ሰም ለበስ መርዝም መርዝ ነው።

ስለ እርሱ ደግሞ የሚባለውን ሁሉ እንበል። አዎን ቢል ኖሮ አንገቱ ይቈረጥ ነበር፤ ስድስቱም ጓደኞቹ ከእርሱ ጋር ይጠፉ ነበር። ዝም ማለትም በዚያ ሰዓት እንደ ማመን ይቈጠር ነበር። በቤታችን በሰላም ተቀምጠን በእርሱ ላይ መፍረድ ይቀልልናል። ነገር ግን ከሁለት ዓመት በፊት ለዚሁ ንጉሥ ፊት ለፊት እምቢታውን በጽሑፍ ያስታወቀው ይኸው ሰው መሆኑን እንዴት እንረሳለን? ያን ጊዜ የሠራው ሥራ በፀሓይ ፊት የሚታይ ነበረና አንደበቱ ቀና ነበረ። በምስጢር የተሠራ ሥራ ግን፥ ዓላማው መልካም ቢመስልም እንኳ፥ ጠባቂ የሚሆን ሐሰት ይፈልጋል። ኤጲስ ቆጶሱ የተሰናከለው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን፥ አስቀድሞ ሰኔ 30 ቀን ብዕሩን ባነሣ ጊዜ እንደ ሆነ ይመስለናል።

ዊልያም ኅዳር 5 ቀን በምዕራብ ባሕር ዳር ወረደ፥ የንጉሡም ጦር አለቆች እየከዱ ወደ እርሱ ሄዱ። በዚያ ወር መጨረሻ ልዕልት አን በሌሊት ከአባቷ ቤተ መንግሥት ሸሸች፤ ከደጅ ሠረገላ ይዞ የሚጠብቃት የቀድሞ መምህሯ ነበረ። ወደ ኖቲንግሃም ሲሄዱ የ56 ዓመቱ ኤጲስ ቆጶስ ሰይፍ ታጥቆ፥ ሽጉጥ በኮርቻው አድርጎ፥ በፈረሰኞቹ ፊት ይጋልብ ነበረ። ከዚህ ቀደም ጄምስ ንግግርህ ከኤጲስ ቆጶስ ይልቅ የጦር አለቃ ይመስላል ብሎ እንደ ዘበተበት ይነገራል፤ አሁን ነገሩ በእውነት ሆነ። ለካህን ግን ይህ የሚያምር ልብስ አይደለም።

ጄምስ ወደ ፈረንሳይ ሸሸ። በጥር 1689 መኳንንቱ ጄምስ በስም ንጉሥ ሆኖ እንደራሴ ይሾምበት የሚለውን አሳብ በድምፅ በመረመሩ ጊዜ፥ አሳቡ በ51 ድምፅ ለ49 ወደቀ። ከኤጲስ ቆጶሳቱ ይህን የተቃወሙት ኮምፕተንና የብሪስቶሉ ትሪሎኒ ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱ ከሌላው ወገን ቢቆሙ ነገሩ ይለወጥ ነበር። ሊቀ ጳጳሱ ሳንክሮፍት ግን ለጄምስ የማለውን መሐላ አላፈርስም ብሎ ለአዲሶቹ ነገሥታት ሳይምል ቀረ። ይህ ያው ጄምስ ያሰረው ሰው ነው! መንበሩን አጥቶ ወደ ተወለደበት መንደር ሄደና በዚያ ሞተ። ዊልያምና ሜሪ ሚያዝያ 11 ቀን 1689 ዘውድ ሲጭኑ፥ የሊቀ ጳጳሱን ሥራ የሠራው ኮምፕተን ነበረ።

እንግዲህ የካንተርበሪ መንበር ባዶ ሆነ። ኮምፕተን ለእኔ ይገባል ብሎ እንዳሰበ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ስለ እነዚህ ነገሥታት ሕይወቱን ያስያዘ ሰው እርሱ ነበረና። በ1691 ግን መንበሩ ለጆን ቲሎትሰን ተሰጠ። ቲሎትሰን ዝነኛ ሰባኪ ነበረ፥ አባቱ ግን የጨርቅ ነጋዴ ነበረ። በዚያው ዓመት የዮርክ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ የተሾመው ማን ነው? ያ ጆን ሻርፕ፥ ኮምፕተን ስለ እርሱ የታገደበት ቄስ። የመስፍኑ ልጅ በበታቹ የነበሩት ሁለት ሰዎች በላዩ ሲወጡ አየ። በ1694 ቲሎትሰን ሲሞትም መንበሩ ለቶማስ ቴኒሰን ተሰጠ።

ይህ እጅግ አሳዘነው፥ ሐዘኑም ሁልጊዜ ንጹሕ አልነበረም። ገና በ1689 በካህናቱ ጉባኤ የቲሎትሰን ስም ለሰብሳቢነት በቀረበ ጊዜ በምትኩ የተመረጠው የኮምፕተን ቄስ የነበረው ዊልያም ጄን ነው፤ ሰዎችም ኮምፕተንን በቅናት አሙት። ከነገሥታቱም አማካሪዎች ቀስ በቀስ ራቀ። ሆኖም ሥራውን አልተወም፤ በእኛ አስተያየት ከሰይፉም ከዘውዱም ይልቅ የሚመሰገነው በነዚህ ማንም ባላየው ዓመታት ነው። ወደ ቨርጂንያ ጄምስ ብሌርን፥ ወደ ሜሪላንድ ቶማስ ብሬይን እንደራሴው አድርጎ ሾመ። ብሌር በቨርጂንያ ላቋቋመው ኮሌጅ በ1693 የመጀመሪያው የበላይ ጠባቂ ኮምፕተን ነበረ። ብሬይ ካህናቱ የሚያነብቡት መጽሐፍ እንደሌላቸው አይቶ ቤተ መጻሕፍት ይልክላቸው ጀመረ፤ በ1701ም ወንጌልን በባሕር ማዶ ለማስፋፋት የተመሠረተው ማኅበር የንጉሡን ፈቃድ ያገኘው በእርሱ ድካም በኮምፕተንም ድጋፍ ነው። በ1666 የተቃጠለው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልም በኮምፕተን ዘመን ተሠርቶ ተፈጸመ።

ሚስት አላገባም፥ ልጅም አልነበረውም። የሎንዶን መንበር ገቢ ብዙ ነበረ፤ ለስደተኞች፥ ለመበለቶች፥ ለድኾች ቀሳውስትና ለትምህርት ቤቶች ይሰጠው ነበርና ሲሞት ሀብት አልተገኘበትም። በ1702 ተማሪው አን በነገሠች ጊዜ ዘውድ የጫነላት ቴኒሰን፥ የሰበከላት ሻርፕ ነበረ። ኮምፕተን በዚያ ቀን የሚናገርለት ልዩ ሥራ አልነበረውም።

ሐምሌ 7 ቀን 1713 በፉላም በ81 ዓመቱ ዐረፈ። ቤተ ክርስቲያን ለሕያዋን፥ የቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ለሙታን ነው የሚል አሳብ ስለ ነበረው፥ እንደ ባልንጀሮቹ መኳንንት ከመቅደሱ ወለል በታች ሳይሆን በውጭ በሣሩ ውስጥ ከሕዝቡ ጋር ተቀበረ። ከእርሱ በኋላ በፉላም የተቀመጠው ኤጲስ ቆጶስ ለዕፀዋት ፍቅር አልነበረውም፤ ከአሜሪካ የመጡት ተክሎች ብዙዎቹ ተነቅለው ተሸጡ፥ በቦታቸውም ለማዕድ ቤት የሚሆን ጐመን ተተከለ።